ባሮክ፣ ብሩክ ወይስ ሙባረክ? የልጅ ስም ላይ ስንፈርድ በምን እየፈረድን ነው?

የልጆች ስም ጉዳይ በየጊዜው ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ይነሳና ለሁለት ሦስት ቀን ሰው ያባላል። አንዱ የመዋዕለ ሕፃናት የስም ዝርዝር ይለጥፋል፦ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ማራናታ፣ ናሆም፣ ባሮክ። ከሥሩ ኮሜንቱ ይዘንባል። "ከበደ የት ገባ?" የሚል አለ። "ትርጉሙን እንኳ አያውቁትም" የሚል አለ። "ልጁ የኔ፣ ስሙም የኔ፣ አንተን ምን አገባህ?" የሚል ወላጅም አይጠፋም።

በሌላ በኩል የፋይዳ መታወቂያ ከባንክ ሒሳብ ጋር መያያዝ ከጀመረ ወዲህ ሌላ ዓይነት የስም ጣጣ በየመስኮቱ ይሰማል። የባንክ ደብተሩ ላይ ኃይሉ የተባለው ሰው መታወቂያው ላይ ሀይሉ ሆኗል። ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል የሰፈረው ደግሞ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ሰውየው አንድ፣ ስሙ ሦስት።

ሁለቱ ወሬዎች የማይገናኙ ይመስላሉ፤ መሠረታቸው ግን አንድ ነው። ስም ላይ አስተያየት ስንሰጥ ስለ ስሙ የምንናገር ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምንመዝነው ስሙን ያወጣውን ሰው ነው፤ ከገጠር ነው ከከተማ፣ ምን ያህል ተማረ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ቸርች ነው ወይስ መስጊድ የሚሄደው፣ የየትኛው ብሔር ነው፣ አሜሪካ ዘመድ አለው ወይ። አጻጻፉ ደግሞ ይህን ሁሉ ከሩቅ ያሳብቃል።

አንድ ትርጉም፣ አራት ፍርድ

"ዋናው ትርጉሙ ነው" የሚለው አባባል በጣም የተለመደ ነው። ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው።

ባሮክ ዕብራይስጥ ነው። የነቢዩ ኤርምያስ ጸሐፊ ስም ነበር። ትርጉሙ "የተባረከ" ማለት ነው። ቡሩክ ግእዝ ነው፤ በሆሳዕና "ቡሩክ ዘይመጽእ በስመ እግዚአብሔር" ሲባል የምንሰማው ማለት ነው። ትርጉሙ ያው ነው። ብሩክ የአማርኛው ነው። ሙባረክ የዐረብኛው። አራቱም ከአንድ የሴም ቋንቋዎች ሥር የበቀሉ ናቸው፤ በ፣ ረ፣ ከ። አራቱም "የተባረከ" ከማለት አያልፉም።

አሁን ስሞቹን ብቻ ይዛችሁ ሰዎቹን ገምቱ። ብሩክ ሲባል ከተማ ያደገ፣ ሥራ የያዘ ጎልማሳ ይመጣል። ባሮክ ገና መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ወላጆቹ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ፎቶውንም ይለጥፋሉ። ቡሩክ ዲያቆን ይመስላል፤ ወይም አባቱ መሪጌታ ናቸው። ሙባረክ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው ከሁሉ በፊት ሃይማኖቱን ይሰማል። እነዚህ ግምቶች አንድም ሰው ላይ ትክክል ላይሆኑ ይችላሉ። ግን በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ይመጣሉ። ትርጉሙ አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዱ አራት ከሆነ፣ የፈረድነው በትርጉሙ አልነበረም ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ግምት ስቴሪዮታይፕ ይሉታል። ሰውየውን ሳናውቀው፣ አለበት ብለን ከምናስበው ቡድን ተነስተን የምንሰጠው የተዘጋጀ ፍርድ ማለት ነው። ስም ለዚህ በጣም ይመቻል። ፊት ሳይታይ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ ወረቀት ላይ ብቻውን ይደርሳል።

ስም እንዴት ያረጃል?

ነባሩ የአማርኛ ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የቤቱን ወሬ ይናገራል። ካሣ የተባለው ከእሱ በፊት የሞተ ሰው ስለነበረ ነው። ምትኩም እንደዚያው። ማስረሻ ሐዘን እንዲያስረሳ ነው። ዓለማየሁ ያለው ወላጅ "ዓለም አየሁ" ማለቱ ነው። ተሾመ ሲባል አባትየው ሹመት አግኝቶ ይሆናል፤ ዘነበች ስትባል የዚያን ቀን ዝናብ ጥሎ ይሆናል። ጎረቤት ስሙን ሰምቶ ታሪኩን ይገምታል። ስም የሚወጣው ለሚያውቅ ሰው ጆሮ ነበር።

ከተማ መጣና ይህ ተቀየረ። ጎረቤት የቤቱን ታሪክ አያውቅም፤ ስሙን ብቻ ይሰማል። ስለዚህ ስሙ ታሪክ መናገሩን ትቶ ደረጃ መናገር ጀመረ። "ች"ና "ነሽ" ያለበት ስም፦ ዘነበች፣ በላይነሽ፣ ብዙነሽ፣ የአክስትና የአያት ስም ሆነ። እዚህ ላይ የቴሌቪዥን ኮሜዲም እጁ አለበት። ሠራተኛዋና ዘበኛው የገጠር ስም፣ የቤቱ ልጅ የከተማ ስም ይዘው ስንት ዓመት ሲያስቁን ኖሩ። ሳቁ አለፈ፣ ስሞቹ ላይ የለጠፈው ነገር ግን ቀረ።

ዘመንም ስም ላይ ማኅተሙን ይመታል። አብዮት የተባለ ሰው ስታገኙ የትውልድ ዓመቱን መጠየቅ ብዙም አያስፈልግም። ነገሥታቱም ቢሆኑ የስምን ገጽታ አሳምረው ያውቁ ነበር። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በዚያ ስም የሚጠራ ንጉሥ መጥቶ አገሩን ያሳርፋል የሚል ትንቢት ሕዝቡ ዘንድ ስለነበረ ነው። ተፈሪ መኮንንም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። የስም ለውጥ የዘመኑ ወጣት ያመጣው ጉድ አይደለም።

ያረጀ ስም እንዳረጀ ይቀራል ማለት ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኤማ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ግንባር ቀደም ከሆኑት ስሞች አንዱ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መሃል የአሮጊት ስም ተብሎ ከፊት ረድፍ ጠፋ። በ2008 ደግሞ የሴት ልጆች ቁጥር አንድ ስም ሆኖ ተመለሰ። የእናት ስም ያረጀ ሲመስል የቅድመ አያት ስም ደግሞ ይጣፍጣል፤ ብዙ አገር ውስጥ የታየ ነገር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አንድ ሰው፣ ወይም አንድ አፅም፣ ስሙን ከነዘሩ ያነሳዋል። በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችውን ዓለም ሉሲ ሲላት እኛ ድንቅነሽ አልናት። "ነሽ" ያለበት፣ የጎጃም ወይም የወሎ እናት ስም ሊሆን የሚችል ስም ነው። ማንም ግን "ኋላ ቀር ስም" ብሎ አልሳቀባትም። ጥሩነሽ የሚለውንም ስም ከትራክ ላይ ከወርቁ ጋር የሰማ ልጅ አያቱ በሰማችበት ጆሮ አይሰማውም። ደራርቱ በኦሮምኛ ከአበባ ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ከባርሴሎና በኋላ ግን ትርጉሙን የማያውቀውም ሰው ስሙን በኩራት ይጠራዋል። ፊደሉም ድምፁም አልተቀየረም፤ የተቀየረው ስሙ ሲጠራ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሰው ነው።

ለምን "ዘመናዊ" መሰለን?

አዲሶቹን ስሞች ጆሮ ሰጥታችሁ ስሟቸው። ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ሊያ፣ ማያ፣ ናሆም፣ ኤደን። ምን ይጎድላቸዋል? ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የሉባቸውም። ጉሮሮ ተይዞ የሚወጡት፣ አማርኛን አማርኛ የሚያሰኙት ድምፆች ማለት ነው። አሁን የቀደሙትን እንጥራ፦ ጥሩነሽ፣ ጸዳለ፣ ቅድስት፣ ጠጂቱ፣ ጫልቱ። እነዚህን ፈረንጅ አይጠራቸውም፤ ቢጠራቸውም ያበላሻቸዋል። ማንም ወላጅ ተቀምጦ "ጠ ያለበት ስም አልፈልግም" አይልም። ግን ምርጫው ሲደማመር ወደዚያው ያዘነብላል። ፈረንጅ የሚጠራው ስም "ቀላል" ይባላል፣ ቀላሉ ደግሞ ቀስ ብሎ "ቆንጆ" ይሆናል።

ቨ የምትባለው ፊደል ታሪክ ደግሞ ለብቻው ያስቃል። ለውጭ ድምፅ ተብላ "በ" ላይ ቆብ ተደርጎላት የተፈጠረች ፊደል ናት። ፌቨን የሚለውን ስም ውሰዱ። ሮሜ 16 ላይ ሐዋርያው ጳውሎስ አደራ የሚልላት ሴት በግሪኩ ፌቤ ናት። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተሳቢ ስለሆነች ግሪኩ መጨረሻዋ ላይ የ"ን" ድምፅ ጨምሮባታል፤ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እሱንም አብሮ ተቀብሎ ፌቤን አላት። ከዚያ ከተማው "ቤ"ዋን "ቨ" አደረጋትና ፌቨን ሆነች። ስሟ አሁን የራሷ ነው፤ ማንም አይወስድባትም። ግን ፌቤን ከምትባለው ይልቅ ፌቨን የምትባለው "ዘመናዊ" የመሰለችን በአንዲት ቆብ ነው።

ይህ የአንደበት ቅለት ነገር የኛ ብቻ አይደለም። ሳይመን ላሃምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ለመጥራት የሚቀላቸውን ስም የያዘውን ሰው የበለጠ ወደው ተገኝተዋል። ስሙ የውጭ መሆን አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ምላስ ላይ መንሸራተቱ ራሱን የቻለ ለውጥ አምጥቷል። አእምሯችን "ይህ ቀለለኝ" እና "ይህ ደስ አለኝ" የሚሉትን ሁለት ስሜቶች ያደባልቃል ማለት ነው።

"ትርጉሙን አያውቁትም" የሚለው ወቀሳስ? ግማሽ እውነት አለው። ቴሌግራም ላይ "ምርጥ የሕፃናት ስሞች ከነትርጉማቸው" እየተባለ የሚዞረው ዝርዝር ብዙ ጊዜ ምንጭ የለውም፤ "በዕብራይስጥ እንዲህ ማለት ነው" ይልና ያልፋል። በዕብራይስጥ የሚባለው ሁሉ ዕብራይስጥ አይደለም። በሌላ በኩል ግን ቴዎድሮስ በግሪክ "የእግዚአብሔር ስጦታ" መሆኑን ስንቱ አባት አውቆ ነው ያወጣው? ስሙን የተቀበለው በታሪኩ ነው። አዲሱ ስምም ለወላጆቹ ጆሮ አንድ ነገር ይላቸዋል። ያ ነገር ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይገኝም።

ሞክሼዎቹ

ወደ ፊደሉ እንምጣ። ሞክሼ የሚባሉት አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትንም ሞክሼ ፊደላት እንላቸዋለን፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በግእዝ ዘመን ድምፃቸው ይለያይ ነበር፤ በአማርኛ ተቀላቅሏል። በዚያ ላይ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም እንዲሁ አንድ ሆነው ይነበባሉ።

ይህ በስም ላይ ምን እንደሚያደርግ ቁጭ ብሎ መቁጠር ይቻላል። ዓለምፀሐይ የሚለውን ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል በአራት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ። "ፀ" በሁለት። "ሐ" በስድስት፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሲባዛ 48 ይመጣል። አንዲት ሴት፣ አንድ ስም፣ 48 አጻጻፍ፣ ሁሉም እኩል ይነበባሉ። ለሰው ችግር የለም፤ አይተን እናልፈዋለን። ለኮምፒዩተር ግን ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ ሲስተሙ ሐና ብሎ የመዘገባትን ልጅ ሀና ብላችሁ ብትፈልጓት፣ ሞክሼዎቹን እንዲያመሳስል ካልተሠራ በቀር "የለችም" ይላችኋል።

የግእዝ ሊቃውንት "ፊደሉ ትርጉም ይለውጣል" ሲሉ ዝም ብለው አይደለም። ሠረቀ በንጉሡ ሠ "ወጣ" ነው፣ እንደ ፀሐይ፤ ምሥራቅም ከዚያ ይመጣል። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ግን ሌብነት ነው። ሠረቀብርሃን የተባለው ልጅ "ብርሃን ወጣ" መባሉ ነበር፤ በእሳቱ ሲጻፍ ብርሃን የሰረቀ ሌባ ይሆናል። መሐሪ በሐመሩ "የሚምር" ነው፣ መሀሪ በሃሌታው "የሚያስተምር"። ሁለቱም ክፉ አይደሉም፤ ግን አንድ አይደሉም።

በተቃራኒው የቆሙት ደግሞ ፊደሎቹ ይቀነሱ ይላሉ። ክርክሩ የቆየ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁን የመሰሉ ጸሐፊዎችም ከዚህ ወገን ነበሩ። አማርኛ ተናጋሪ በጆሮው የማይለየውን በዓይኑ ለይ ማለት ልጅን ያለ ጥቅም ማሠቃየት ነው፣ ትርጉሙ ከዐውዱ ይታወቃል ነው ነገሩ። ለጽሑፍ ይህ ጥሩ መከራከሪያ ይመስለኛል። ለስም ግን ትንሽ ይከብዳል። ስም ዐውድ የለውም፤ ቅጽ ላይ ብቻውን ነው የሚቆመው።

እዚህ ውስጥ ነው ማኅበራዊ ገጽታ ሹልክ ብሎ የሚገባው። ሐና፣ ሕይወት፣ ዐቢይ ብሎ የጻፈ "የተማረ" ይመስላል፤ ሀና፣ ህይወት፣ አብይ ያለው ደግሞ ግድ የለሽ። ስለዚህ ሰው እንዳይሳሳት ሲጠነቀቅ ይሳሳታል። ሠላም የሚለውን አጻጻፍ በየሱቁና በየሠርግ ካርዱ ላይ ታዩታላችሁ። ሰላም ግን ሲጀመር በእሳቱ ነው። ንጉሡ ሠ ግርማ ሞገስ ያለው ስለሚመስል ብቻ ነው የተሾመው። ጽዮንም በፀሐዩ ፀ ፅዮን የምትሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

ሌላው ጥፋተኛ ኪቦርድ ነው። ብዙዎቹ በድምፅ የሚሠሩ የአማርኛ ኪቦርዶች ላይ ኤች ስትጫኑ የሚመጣው ሃሌታው ነው። ሐመሩን ወይም ብዙኃኑን ለማግኘት ሌላ ቁልፍ መጨመር ያስፈልጋል። ሰልፍ ፊቱ የተኮለኮለ ጸሐፊ የቱን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። ከጊዜ በኋላ ሀይሌና ሀና የበዙት ሕዝቡ የፊደል ማሻሻያ ስላጸደቀ አይደለም።

ባሕር ማዶ የሚሻገር ስም

ትራንስሊትሬሽን የሚሉት ነገር አለ፤ በአንድ ፊደል የተጻፈን ስም በሌላ ፊደል መተካት ማለት ነው። ለቦታ ስሞች የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚያውቀው አሠራር አለ። ለሰው ስም ግን ሁሉም የሚከተለው ወጥ ደንብ የለንም። ቅድስት በኬ ትጻፍ በኪው፣ ጸሐይ በቲ ትጀምር በኤስ፣ የሚወስነው ቅጹን የሞላው ሰው ነው። ስለዚህ የአንድ አባት ልጆች የአባታቸውን ስም በሁለት ዓይነት ይዘው ይገኛሉ። ከዚያ አንዱ ለወንድሙ የቤተሰብ ቪዛ ሲያመለክት ወንድምነታቸው ራሱ ማስረጃ ይጠየቅበታል።

ኦሮምኛ የራሱ ደንብ አለው። በቁቤ ጫላ የሚለው ስም በሲ ይጀምራል፣ ኤ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በኦሮምኛ ፍጹም ትክክል ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን "ካላ" ብሎ ያነበዋል። በሲና በኤች የጻፈው ወንድሙ ደግሞ ለእንግሊዝኛው ይቀርባል፣ ከቁቤው ይርቃል። የትኛው ነው ትክክለኛው? ለማን ነው የምትጽፈው በሚለው ይወሰናል። አንዳንዱ ሲ-ውን የማንነቱ ምልክት አድርጎ ይይዘዋል፣ አንዳንዱ ለአየር መንገዱ መስኮት ያስባል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

አሕጽሮቱም ጣጣ ነው። ገ/ማርያም፣ ኃ/ሚካኤል፣ ወ/ገብርኤል እያልን በእዝባር እንቆርጣለን። ለኛ ገ/ ገብረ መሆኑ ግልጽ ነው። ፓስፖርት ላይ ማሽን የሚያነበው የታችኛው መስመር ግን ከላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ ከቁጥርና ከአንዲት የመሙያ ምልክት በቀር ምንም አይቀበልም። እዝባሩ ይወድቃል፤ ብቻውን የቀረ አንድ ፊደል ስም ይሆናል። ገብረማርያም የማርያም አገልጋይ መሆኑ ቀርቶ "ጂ" ይባላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ድንገት የሚገጥመው ነው። ፍቅርና ሽታዬ በአማርኛ የሚጣፍጡ ስሞች ናቸው። በእንግሊዝኛ ሆሄያት ሲሰፍሩ ግን አጀማመራቸው ነውር ወደሆነ ቃል ይጠጋል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለውን አይምሩም። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ለንደን የሚወልዱ ወላጆች ሐና፣ ሳራ፣ ዳንኤል፣ ሊያ፣ ኤደን ላይ የሚበረቱት በዚህም ጭምር ነው። በሁለቱም ቋንቋ ሳይሰበሩ ያልፋሉ።

ስም ያስከፍላል?

እ.ኤ.አ. በ2004 ማሪያን በርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን የታወቀ ሙከራ አሳተሙ። ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ለወጡ ሥራዎች 5,000 ያህል የፈጠራ ማመልከቻዎች ላኩ። ልዩነቱ ስሙ ላይ ነበር። የነጭ የሚመስል ስም ያለው በየ10 ማመልከቻው አንድ ጥሪ ሲደርሰው፣ የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስለው 15 መላክ ነበረበት። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ኬቪን የሚለው ስም የዝቅተኛ መደብ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሲጠየቁ አንዱ "ኬቪን ስም ሳይሆን የበሽታ ምርመራ ውጤት ነው" ብሎ መጻፉ እስካሁን ይጠቀሳል።

ግን ሌላ ወገንም አለ። ሮላንድ ፍራየርና ስቲቨን ሌቪት በዚያው በ2004 የካሊፎርኒያን የልደት መረጃ ሲመረምሩ፣ የጥቁር የሚመስል ስም ያላት ልጅ የትውልድ ሁኔታ ግምት ውስጥ ሲገባ ስሟ ብቻውን በኋላ ሕይወቷ ላይ ያመጣው ጉዳት አልታያቸውም። ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላሉ። በኔ ግምት ግን የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው የበሩን መከፈት ይለካል፣ ሁለተኛው መንገዱን በሙሉ። ስም በር ሊዘጋ ይችላል፤ ዕድልን ብቻውን አይወስንም።

እኛም የራሳችን ታሪክ አለን። በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት ሲገቡ የአማርኛ ስም የተሰጣቸው የኦሮሞና የሌሎች ሕዝቦች ልጆች ነበሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ወላጆች በራሳቸው ቋንቋ ስም ማውጣታቸው የዚያ መልስ ነው። በዘመቻ ሙሴና እ.ኤ.አ. በ1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ ወዲያው የዕብራይስጥ ስም ተለጠፈላቸው። ካደጉ በኋላ የአማርኛ ወይም የትግርኛ ስማቸውን ያስመለሱ አሉ። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄዱ ክርስቲያን ሴቶችም ለቪዛው ሲሉ የሙስሊም ስም ይዘው የተጓዙበት ጊዜ ነበር። በሦስቱም ታሪክ ስሙን የቀየረው ባለቤቱ ቢሆንም እንኳ፣ ያስቀየረው ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ነው።

መንግሥት ጣልቃ ይግባ የሚሉም አሉ። አይስላንድ እንደኛው በአባት ስም የሚጠራ አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ አዲስ ስም ሲመጣ የሚመረምር ኮሚቴ አለው፤ ስሙ በአይስላንድኛ ሰዋስው መርባት መቻል አለበት። ፈረንሳይ በተቃራኒው በ1993 ለወላጆች ሰፊ ነፃነት ሰጠች። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የለም። ቢኖር ኖሮ ሶልያና ላይ ከመሳቅ አልፎ የትኛውን ቋንቋ ሰዋስው እንደሚከተል ለመስማማት ብቻ ስንት ዓመት ይፈጅበት እንደነበር እንጃ።

መስኮቱ ላይ

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የተወለደ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ክርስትና ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው፤ ስለዚህ ሴት ልጅ ከጠበል ወጥታ ወረዳ እስክትደርስ አሥር ቀን አላት። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው አጻጻፍ፣ በግእዝ ፊደሉም በላቲኑም፣ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱም ፋይዳውም ፓስፖርቱም የሚቀዱበት ምንጭ ነው። በኋላ ላስተካክል ያለ ሰው ብዙ ጊዜ መንገዱ ፍርድ ቤት ያደርሰዋል።

ስለዚህ በየኮሜንቱ ከምንጨቃጨቅበት ጥያቄ ይልቅ አሰልቺው ይበልጣል። ስሙ የአያት ይሁን የመጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ አጻጻፍ መርጦ እሱኑ በየቦታው መድገም። ገ/ ሳይሆን ገብረ ብሎ ሙሉውን መጻፍ። የአባቱ ስም በታላቅ እኅቱ ወረቀት ላይ በላቲን እንዴት እንደተጻፈ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ማሳየት። ጸሐፊው ስም ሲጠይቅ ደግሞ ሐና ብሎ ዝም አለማለት። "በሐመሩ ሐ" ሲባል ቀና ብሎ ያያል፣ ምናልባትም ፈገግ ይላል፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ቁልፍ ይጫናል።